ፊሊሞኔ የተቀበለው ጥርስ

ከስኳር ፋብሪካው ጭስ በታች፣ ወንዙ ባሕር ከመግባቱ በፊት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ናሎባ የምትባል የፊጂ መንደር አለች። በዚያች መንደር የሽማግሌውን የፊሊሞኔን ቤት የማያውቅ አልነበረም። የእንጨት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈ ሰሌን፣ ደጃፉ ላይ አንድ ያረጀ የዳቦ ፍሬ ዛፍ... ሀብቱ ይኸው ነበር። ሳቅ ግን ሞልቶት ነበር። ምነው ያ ሳቅ ጥቂት በቆየ! ምነው ክፉ ቀን ያንን ደጃፍ ስቶ ባለፈ! ግን ክፉ ቀን ደጃፍ አይስትም። ያውም መንገዱን የሚያሳየው ዘመድ ሲሆን።

ፊሊሞኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በፋብሪካው ስኳር አብሳይ ሆኖ ሠርቷል። የአገዳው ውሃ በትልቁ የብረት ጋን ውስጥ ሲፈላ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲቃረብ ከሚፈላው ላይ ጥቂት በመስታወት ቁራጭ አንስቶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሸዋል፤ ከዚያ "ደርሷል" ወይም "ገና ነው" ይላል። መሣሪያ ይሳሳት ይሆናል፤ የፊሊሞኔ አውራ ጣት ግን ተሳስቶ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ ያንን ጋን ለአንድያ ልጁ ለኢኖኬ አስረከበ። ኢኖኬን እናቱ በጨቅላነቱ ስለሞተችበት በጀርባው አዝሎ፣ ኮኮናት ፍቆ እያጠጣ ያሳደገው እሱ ራሱ ነው። ባስረከበው ቀን የልጁን እጅ ይዞ፣ "ይህቺን ጣት ጠብቃት፤ የምትኖረው በሷ ነው" አለው። ኢኖኬም ጠበቃት። ሰው ግን ሁሉን ነገር ራሱ መጠበቅ ይችላል?

የኢኖኬ ሚስት ሊቲያ ከወንዙ ማዶ የመጣች፣ ምላሷ የአገዳ ቢላዋ የሚያስንቅ ሴት ነበረች። በዚያ ቤት ወግ ምራት የባሏን አባት ፊት ለፊት አታናግርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ እሷና ሽማግሌው አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እሷ ለባሏ ትናገራለች፤ ባሏ መሐል ቁጭ ብሎ ለአባቱ ያደርሳል፤ አባትየው በክንድ ርቀት ሁሉንም እየሰማ።

"ኢኖኬ፣ ለአባትህ ንገራቸው፣ ካሳቫው ቀርቧል" ትላለች። "ደግሞ ትናንት የተረፈውን ዓሣ የበላችው ድመቷ ናት ብለዋል አሉ። እኔ ሰሌናቸው ሥር ያገኘሁት የዓሣ አጥንት ግን ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል በላቸው።"

"አባዬ፣ ካሳቫው ቀርቧል" ይላል ኢኖኬ ሳቁን እየዋጠ።

"ለሚስትህ ንገራት፣ ድመቷ ይቅርታ ጠይቃለች። ዓሣው ግን ጥሩ ነበር ብላለች።"

ከዚያ ሦስቱም ይስቃሉ። ቤቱ እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

ምርጫ መጣ። ኢኖኬ የአገዳ ቆራጮቹን ፓርቲ ይደግፍ ነበር፤ የፊጂ ተወላጁም የሕንድ ዘሩም ላብ አደር አንድ ላይ የተሰበሰበበት ትንሽ ፓርቲ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ የዕረፍት ቀኑ ነው፣ ገበያው ሜዳ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ስለ ቆራጩ እጅ፣ ስለ አብሳዩ ጣት፣ ስለ ሁለቱም ድካም ተናገረና ወረደ። ሰው አጨበጨበለት። ከአጨብጫቢዎቹ ኋላ ክንዱን አጣምሮ የቆመው ዋይሴያ ግን አላጨበጨበም። ዋይሴያ የፈረቃው አለቃ ነው፤ በከተማው የገዢው ፓርቲ ሰብሳቢም ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የፊሊሞኔ የሟች ታላቅ ወንድም ልጅ ነው፤ በዘር ሐረጉ ለኢኖኬ ታላቅ ወንድሙ ማለት ነው። አባቱ ሲሞት እጁን ይዞ ፋብሪካ ያስገባውም ፊሊሞኔ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ?

ሰኞ ጠዋት ዋይሴያ ወደ ማብሰያው ፎቅ ወጣ። ኢኖኬ ጋኑ አጠገብ፣ የሥራ ጓደኛው ጃግዲሽ ቀጥሎ ባለው ጋን አጠገብ ቆመዋል።

"ቅዳሜ ስትለፈልፍ አየሁህ" አለ ዋይሴያ።

"ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው።"

"ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፣ ኢኖኬ።"

"እኔ ውሻ አይደለሁም። የበላሁትንም ሠርቼ ነው የበላሁት።"

ዋይሴያ መስታወቱን ከእጁ ቀማውና መሬት ላይ ከሰከሰው። "ውረድ" አለ። "የዚያ ፓርቲ እጅ እኔ ባለሁበት ስኳር አይነካም።"

ይህን ቃል ጃግዲሽ በሁለት ጆሮው ሰማ። በሁለተኛው ሳምንት ኢኖኬ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠው፤ "ፋብሪካው በሠራተኛው ላይ እምነት አጥቷል" ይላል። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ያላረፈደ፣ አንድ ጋን ያላበላሸ ሰው! ደብዳቤውን ይዞ ቤት ሲገባ ፊሊሞኔ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። "ዝም በል" አለው። "ታላቅህ ነው። ንፋስ ሲመጣ ጎንበስ ያለ ዛፍ አይሰበርም።" ሊቲያ ከማጀት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ኢኖኬ፣ ለአባትህ ንገራቸው፣ ዛፍ ሚስት የለውም፤ ሆዷ የገፋ ሚስት ደግሞ ጨርሶ የለውም" አለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ኢኖኬ ዝም አላለም። ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደ። ወይዘሮ ማኬሬታ የምትባል መነጽር ያደረገች ሴት ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። "ሰውን በያዘው የፖለቲካ አቋም ከሥራ ማባረር ሕግ ይከለክላል" አለችው። "ግን ሕግ ብቻውን አይናገርም። የሰማ ሰው አለህ?" ኢኖኬ የጃግዲሽን ስም ሰጠ። ቀጠሮም ተቆረጠ፤ የምስክሩ ስም ያለበት ጥሪም ለፋብሪካው ደረሰ።

ወዮ! ያንን ስም ሲሰጥ ምን እንደሚመጣ አውቆ ቢሆን! በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው መሐል ጃግዲሽን ሦስት ሰዎች ከበቡት። በቡጢ ጣሉት፣ በቦቲ ረገጡት፣ ፊቱን ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር አላተሙት። የቆሙት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ እጅ ሰዓታቸው አደረጉ። ኢኖኬ ሊጠይቀው ሲሄድ ጃግዲሽ ያበጠ ከንፈሩን እየጎተተ፣ "አራት ጥርስ ነው ያወለቁት" አለው። "ምላሴን ረስተውታል። መሃይሞች ናቸው።" ኢኖኬ ሳቀ፤ ሲስቅም እንባው ወረደ። ያ ሳቅ የመጨረሻው ነበር።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ እነዚያው ሦስቱ ናሎባ መጡ። ፊሊሞኔ ከዛፉ ሥር ሰሌን እየታታ ነበር። ለመነሳት እንኳ ፋታ አልሰጡትም፤ አንዱ ደረቱ ላይ ጉልበቱን አስደግፎ ከመሬት ጋር አጣበቀው። ሁለቱ ኢኖኬን ከቤት ጎትተው አወጡት። ሊቲያ በባዶ እጇ ገብታ የአንዱን ፊት ቧጨረችው፤ ያ ሰው ሁለት እጁን ሰድዶ ገፈተራት፤ ሆዷ ከምሰሶው ጋር ተጋጨ። ከዚያ የኢኖኬን ቀኝ እጅ ሊቲያ ኮኮናት የምትሰብርበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘረጉት። ሌላ ድንጋይ አነሱ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። የአውራ ጣቱ አጥንት ደቀቀ። ያቺ ጣት! አባት በሠላሳ አንድ ዓመት ያወቀውን ሁሉ ያስቀመጠባት ጣት! ፊሊሞኔ ጉልበት ደረቱን ተጭኖት ጩኸቱ አልወጣለትም፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነበር። ከሁለቱ አንዱን ለየው። ድንጋዩን ያነሳው የዋይሴያ ሚስት ወንድም ነው። በዚያው ሳምንት ሊቲያ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወት የሌለው ወንድ ልጅ ወለደች። ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ቀበሩት። ጉድጓዱን የቆፈረው አያትየው ነው፤ የሙዝ ቅጠል በምታክል ጉድጓድ ላይ አጎንብሶ ግማሽ ቀን ቆየ።

የሚቀጥለው እሑድ ኢኖኬ ገና ሆስፒታል ነው፤ ሊቲያም ከአጠገቡ አልተለየችም። ፊሊሞኔ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ብቻውን ተቀምጧል። በታችኛው በር፣ ይቅርታ ጠያቂ በሚገባበት በኩል፣ ሰዎች በጉልበታቸው እየዳሁ ሲገቡ አየ። ከፊት ዋይሴያ፣ ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች። ዋይሴያ በሁለት መዳፉ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዟል፤ ቡናማ፣ በገመድ የታሰረ፣ አያት ቅድመ አያት የዳሰሱት። ይህ ጥርስ ሲመጣ ደም ይቆማል። የተቀበለ ሰው በደሉን ቀብሯል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ በደል አንዲት ቃል ቢተነፍስ ነውሩ የበዳዩ ሳይሆን የሱ ነው። ያልተቀበለ ደግሞ... ያልተቀበለ በናሎባ ታይቶ አያውቅም።

"ታናሹ አባቴ" አለ ዋይሴያ፣ የአባት ታናሽ ወንድም በወጉ እንደሚጠራው፣ ግንባሩን ሰሌኑ ላይ ደፍቶ። ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። "ጥፋት ጠፍቷል፣ ደም ፈስሷል። እርስዎ ያሳደጉኝ ነዎት፤ ሌላ አባት የለኝም። ይህን ይቀበሉኝና ነገሩ ሁሉ ይቀበር። ኢኖኬ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ከእንግዲህ ማንም ጣቱን አያነሳበትም።"

ፊሊሞኔ ምን ያድርግ? ፍርዱ የልጁ ነበር፤ የተሰበረው ጣት የልጁ፣ የተቀበረው ሕፃን የልጁ፣ የተነጠቀው ሥራም የልጁ ነበር። ይህን ልቡ ያውቃል። ግን ዓይኑ የሚያየው ድንጋዩን ነው፤ ወደ ላይ የተነሳውን ድንጋይ። ቀጥሎ ራሱን ቢመቱትስ? አንድ ልጅ ነው ያለው። አንድ! እጁን ዘረጋ። ጥርሱን ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በዝግታ አጨበጨቡ፣ ዋይሴያም እንባውን ጠርጎ ወጣ።

ሆስፒታል ሄዶ ለኢኖኬ ነገረው።

"ተቀበልከው?"

"ተቀበልኩ። ልጄ፣ ሊገድሉህ ነው።"

"አባዬ፣ ጣቷ የማን ነበረች?"

ሊቲያ አልጋው ራስጌ ቆማ ነበር። "ኢኖኬ፣ ለአባትህ..." ብላ ጀመረች። "ለአባትህ ምንም አትንገራቸው" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከሆስፒታል ሲወጣ ኢኖኬ ክሱን ሊተው ወደ ቢሮው ሄደ። ወይዘሮ ማኬሬታ መነጽሯን አወለቀች። "ስማኝ" አለችው። "እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ጥርስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጥርስ የቤተሰብ ጠብ ይቀብር ይሆናል። በሥራህ ላይ ያለህ መብት ግን የራስህ ነው። አባትህ አልሰጡህም፤ አሳልፈው ሊሰጡትም አይችሉም።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ግን እኔ ከቀጠልኩ አባቴ የት ይቀመጣል? ቃሉን የበላ ሽማግሌ ሆኖ በየትኛው በር ይገባል?" በግራ እጁ፣ እንደ ሕፃን በተጣመመ ፊደል ፈረመ።

እሷ ወረቀቱን ተቀበለችና፣ "ችሎት ፊት ቀርበህ በአፍህ እስክትናገር ድረስ ፋይሉ አይዘጋም። ቀጠሮህ ከአራት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው። እስከዚያ አስብበት" አለችው።

ዋይሴያ ቃሉን ጠበቀ፤ ኢኖኬን ወደ ፋብሪካው መለሰው። ወደ የት? ወደ ጋኑ መሰላችሁ? "በአንድ እጅ ምን ልስጥህ?" አለው በሠራተኛው ፊት። "አገዳ ጎትት።" ወደ ታች፣ የአገዳው ማጓጓዣ ወደሚሽከረከሩት ቢላዋዎች አፍ የሚገባበት ቦታ ሰደደው። ሥራው የተቆላለፈ አገዳ ሲገጥመው በረጅም ሜንጦ እየመነጨቀ ማላቀቅ ነው፤ ሁለት ጤነኛ እጅ ያለው ሰው እንኳ የሚፈራው ሥራ። ጃግዲሽ ከላይ ሆኖ አየና ዋይሴያን፣ "ይህ ሰው በዚህ እጁ ሜንጦ ማዘዝ አይችልም" ቢለው፣ "አንተ ጥርስህን ፈልግ" ተባለ። ፊሊሞኔም አወቀ። ልጁ ማታ ሲገባ ስኳር ስኳር መሽተቱ ቀርቶ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር። ሄዶ መጮኽ ይገባው ነበር። ግን ጥርሱን ተቀብሏል፤ የተቀበረ በደል አይነሳም። ስለዚህ በየማታው የልጁን የተኮማተረ እጅ በሙቅ ውሃ እያጠበ፣ ዘይት እያሸ ዝም አለ። ኢኖኬም ዝም አለ። በዚያ ሳቅ በሞላው ቤት ሦስት ሰዎች ተቀምጠው የሚሰማው የወንዙ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፊሊሞኔ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ሳለ ፋብሪካው ድንገት ጸጥ አለ። አገዳ በሚፈጭበት ወቅት ያ ፋብሪካ ቀንና ሌሊት አያርፍም፤ የናሎባ ሰው ድምፁን መስማት ከተወ ቆይቷል። የሰማው ዝምታውን ነው። ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። ፊሊሞኔ ተነሳ። ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ልብሱ በደም የተነከረ ጃግዲሽ አገኘውና በሁለት እጁ አቅፎ አቆመው። አገዳው ተቆላልፎ ነበር። ኢኖኬ ሜንጦውን ሰደደ። ቢላዋው ሜንጦውን ያዘው። ጤነኛ እጅ ቢሆን ይለቅ ነበር፤ የተኮማተረው እጅ ግን ሜንጦው ላይ እንደታጠፈ ቀረ፣ ከጎን ያለውን የመደገፊያ ብረትም ሊይዝለት አልቻለም። ጃግዲሽ ከላይ አይቶ አጠገቡ ያለውን ማቆሚያ እስኪጫን የነበረው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። አንድ ትንፋሽ ለዚያ ማሽን ብዙ ነበር... ሽማግሌው ልጄን አሳዩኝ አለ። ማንም አላሳየውም።

ሬሳው በታሸገ ሣጥን ረቡዕ ናሎባ ገባ። ሰሌን በሰሌን ላይ ተነጠፈ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ፊሊሞኔ ከሣጥኑ ራስጌ ተቀምጧል፤ እንባ ከዓይኑ ጠብ አላለም። ሌሊቱን የአገዳ ቢላዋውን ስሎ ከሰሌኑ ሥር፣ ከቀኝ ጭኑ አጠገብ አስቀምጦታል። እንደሚመጣ ያውቃል። ወጉ ነው፤ ይመጣል። ግንባሩን ይደፋል። ማጅራቱ ያኔ ፊቱ ይዘረጋል።

መጣ። ከመጀመሪያው የሚበልጥ ጥርስ ይዞ፣ ሽማግሌዎችና የሚስቱን ወንድም አስከትሎ፣ እየዳኸ። "ታናሹ አባቴ" አለ፤ "እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር ወሰደው። አደጋ ነው። ይህን..." ግንባሩ ሰሌኑን ነካ። የማጅራቱ ላብ ይታይ ነበር። የፊሊሞኔ እጅ በዝግታ ከሰሌኑ ሥር ገባ፤ የቢላዋውን እጀታ አገኘ፤ ጨበጠ።

በዚያን ጊዜ ከሴቶቹ መሐል ሊቲያ ተነሳች። ሰው በተቀመጠበት ቀጥ ብላ፣ ሳታጎነብስ፣ በሰሌኑ ላይ ተራመደች። ያም ነውር ነው። መጥታ ከአማቷ ፊት ቆመች፤ ዓይኑን አየችው። በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

"አባቴ" አለችው።

ሽማግሌው ቀና አለ።

"ጥርሱን አይንኩት። ቢላዋውንም አይንኩት። ነገ ሐሙስ ነው፤ ኢኖኬ ችሎት ቀጠሮ አለው። እሱ መሄድ አይችልም። ከኔ ጋር ይምጡ።"

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ይረባል? ግን ያ ሽማግሌ ሲያለቅስ አንድም ሰው አልሳቀበትም። ያልወጣው እንባ ሁሉ ያኔ ወጣ። ቢላዋውን ከሰሌኑ ሥር አውጥቶ ሁሉም እያየ ለሊቲያ አስረከባት። ዋይሴያ ቀና ሲል ብረቱን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ፊሊሞኔ ጥርሱን በእጁ ጀርባ መልሶ ገፋው።

"ይዘህ ውጣ።"

"ታናሹ አባቴ፣ በዚህ መንደር ጥርስ ተመልሶ አያውቅም።"

"ልጄም ተመልሶ አይመጣም።"

ከዋይሴያ ኋላ የነበረው የሚስቱ ወንድም ዘሎ ሽማግሌውን አፉን በቡጢ መታው። ደም በነጭ ጢሙ ላይ ወረደ። ጃግዲሽ ሰውየውን ከሰሌኑ ጎትቶ ደጅ ጣለው፤ የመንደሩም ወንዶች፣ ያን ሁሉ ጊዜ እንደ መናኸሪያው ሰዎች ዓይናቸውን ሲያዞሩ የነበሩት፣ አንድ በአንድ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። ኢኖኬን በዚያው ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጎን ቀበሩት።

በማግስቱ ፊሊሞኔ ከንፈሩ አብጦ ችሎት ቆመ። ወይዘሮ ማኬሬታ ፋይሉ እንዳልተዘጋ፣ ሟች ስለ መተዉ በአፉ እንዳልተናገረ፣ ሚስቱም ልትቀጥል እንደምትችል አስረዳች። ጃግዲሽ ከጥርሱ ክፍተት ቃል እያመለጠው የሰማውን ሁሉ ተናገረ። የፋብሪካው ጠበቃ ተነስቶ፣ "ሽማግሌ፣ ቤተሰቡ በወጉ መሠረት ታርቆ አልነበረም?" ብሎ ጠየቀ። ፊሊሞኔ የመጀመሪያውን ጥርስ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይህን የተቀበልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ያስታረቁት እኔን ነው። ልጄን የጠየቀው የለም። ያባረሩት እሱን፣ ጣቱን የቀጠቀጡት የሱን፣ አቋሙም የሱ። እኔ ፈራሁ። ፍርሃቴን ወግ ብዬ ጠራሁት።" ጥርሱን በጣቱ ወደ ጠበቃው ገፋው። "የሰውን መብት ሌላ ሰው አይቀበልለትም። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህንን ለማወቅ አንድያ ልጄን ከፈልኩ።"

ከወር በኋላ ውሳኔው ወጣ። ዋይሴያና የሚስቱ ወንድም ያኔ በድብደባው ተከሰው በፖሊስ እጅ ነበሩ። ሊቲያ ወረቀቱን ከሁለቱ መቃብሮች አጠገብ ቆማ አነበበችው፤ ሽማግሌው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አያውቅም። ሠራተኛው የተባረረው በፖለቲካ አቋሙ ነው ይላል። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ይላል። ስሙ በነበረበት መደብ ይጻፍ ይላል።

"መደቡን ደግመሽ አንብቢልኝ" አለ ፊሊሞኔ።

"ኢኖኬ፣ ስኳር አብሳይ።"

ሦስት ጊዜ አስነበባት። በሦስተኛው አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር ሲያሽ አየችው። የሚፈላውን ዳስሶ "ደርሷል" የሚል ይመስል ነበር።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ዕድሉ ነው፣ ጽሕፈቱ ነው ይላሉ። እኔ እንጃ! ድንጋዩን ያነሳው ዕድል አልነበረም፤ ስም ያለው ሰው ነበር። ጥርሱን የተቀበለውም ዕድል አልነበረም። ከዕድል የምሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ቀን ዘግይቶ መቆረጡን።

ሊቲያ ወደ እናቷ መንደር አልተመለሰችም። ያን ምሽት ፀሐይ ስትጠልቅ ካሳቫውንና ዓሣውን አቀረበች። ከልምድ ብዛት፣ "ኢኖኬ፣ ለአባትህ ንገራቸው..." አለች። ሽማግሌውም ከልምድ ብዛት ፊቱን ወደዚያው አዞረ። በሁለቱ መሐል ሰሌኑ ባዶ ነበር። እሷ ሳህኑን ራሷ ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረገችው።

"ይብሉ፣ አባቴ" አለችው። እሱም በላ።